ሾርባውን ማን አመጣው?

ጣሊያናዊው አይሁዳዊ ደራሲ ፕሪሞ ሌቪ ከናዚዎች የሞት ካምፕ ከአውሽቪትዝ በሕይወት የወጣው ለምንድን ነው? ጥያቄው በአንድ የአነቃቂ ንግግር አዳራሽ ቢቀርብ መልሱ አፍታ አይፈጅም። "ተስፋ ስላልቆረጠ!" ይባላል፤ ይጨበጨባል። ሰውየው ራሱ የጻፈው ግን ሌላ ነው። "ይህ ሰው ከሆነ" በሚለው መጽሐፉ መግቢያ ላይ፣ ገና ከመነሻው፣ ዕድለኛ እንደነበረ ይናገራል። ዕድሉ ደግሞ ወደ ካምፑ የተጋዘው ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 መሆኑ ነው። ያኔ ጀርመን የጉልበት ሠራተኛ አጥሯት ስለነበር፣ ሞት የተፈረደባቸው እስረኞች ጥቂት ሰንበት ብለው፣ ሠርተው እንዲሞቱ ተወስኖ ነበር። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ቢያዝስ ኖሮ? ሰውየው ያው ነው፤ ያው የቱሪን ልጅ፣ ያው ወጣት ኬሚስት፣ ያው ልብ። መጽሐፉ ግን አይኖርም ነበር።

ደራሲው በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የነገረንን ለምን አንሰማውም?

ነገሩ የሌቪ መጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከጦርነት፣ ከእስር፣ ከረሃብ ተርፈው የመጡ ሰዎች የጻፉትን ትውስታ ስናነሣ ብዙዎቻችን የምንፈልገው ምሥጢር ነው። እንዴት ቻለው? ምን ይዞ ሰነበተ? ምሥጢሩን ያገኘን ሲመስለን ለፈተና ለወደቀው ተማሪ፣ ንግዱ ለከሰረበት፣ ትዳሩ ለፈረሰበት እናድለዋለን። እሱ ያንን ከቻለ አንተ ይህቺ ታቅትሃለች? ማጽናኛ ነው፣ ምን ክፋት አለው የሚል ይኖራል። ክፋቱ የሚታየው ሒሳቡ እስከ መጨረሻው ሲሠራ ነው። የተረፈው ጽኑ ስለሆነ ከተረፈ፣ የሞተው ምን ሆኖ ሞተ?

ባቡሩን እንየው። በፌብሩዋሪ 1944 ከሰሜን ጣሊያኑ የፎሶሊ ካምፕ ሲነሣ 12 ፉርጎ ነበረው፤ ሌቪ እንደሚለው የጫነው 650 ሰው ነው። አውሽቪትዝ ሲደርስ 96 ወንዶችና 29 ሴቶች ለሥራ ተለዩ። ከቀሩት፣ ከ500 ከሚበልጡት፣ በሁለት ቀን ውስጥ በሕይወት ያለ አልነበረም። ከእነሱ አንዷ የ3 ዓመት ሕፃን ነበረች። ወላጆቿ በጉዞው መሀል ነጂውን ለምነው ከባቡሩ ሞተር ለብ ያለ ውሃ ቀድተው በቆርቆሮ ገንዳ አጥበዋት ነበር። ይህቺ ልጅ የጎደላት ጽናት ስንት ሚዛን ነበር? ጥያቄው ያሳፍራል አይደል? እንግዲያው ይህን ጥያቄ በሆዱ የያዘው ንግግር ስለምን አያሳፍርም?

ሌቪ አንድ ነገር ይጨምራል። ኋላ ላይ መለየቱም አሰልቺ ሆኖ ነው መሰል፣ ብዙ ጊዜ የፉርጎው በር በሁለቱም ጎን ይከፈት ነበር፤ ለተጫኑት ምንም ሳይነገራቸው። በአንዱ ጎን የወረደ ወደ ካምፑ ይገባል፣ በሌላው ጎን የወረደ ወደ ጋዝ ክፍሉ ይሄዳል። የትኛው ነው የጽኑዎች በር?

እሺ፣ ካምፑ ውስጥ ከገባ በኋላስ? ጀርመንኛ የማያውቁት አብዛኞቹ ጣሊያናውያን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው ያለቁት፤ ትእዛዙ ካልገባህ ዱላው ይገባሃልና። ሌቪ ከኬሚስትሪ መጻሕፍት የለቃቀማት ጀርመንኛ ነበረችው። ከአንድ የአልዛስ ሰው ደግሞ በዳቦው እየከፈለ ትምህርት ወሰደ። ይህ ጥረት ነው፤ ማንም አይክደውም። ግን ኬሚስት ባይሆንና አንድም የጀርመንኛ መጽሐፍ ገልጦ ባያውቅስ? የልብስ ሰፊ ልጅ ቢሆንስ? በመጨረሻው ክረምት ከውጭው ብርድ ወደ ላቦራቶሪ ከተዛወሩት ሦስት እስረኞች አንዱ የሆነው በፈተና ነው። ፈታኙ ዶክተር ፓንቪትዝ የጠየቀው ስለ ኬሚስትሪ እንጂ ስለ ልብ ጥንካሬ አልነበረም።

በጃንዋሪ 1945 ሌቪ ታመመ። ስካርሌት በሚባለው፣ ቆዳን በሽፍታ በሚያቀላ ትኩሳት ተይዞ በካምፑ ሐኪም ቤት ተኛ። ከአንድ ጣሳ አብሮት ይበላ የነበረው ባልንጀራው አልቤርቶ ግን አልተያዘም፤ ይህ በሽታ በልጅነቱ ወጥቶለት ነበር። የሩሲያ ጦር ሲቃረብ ጀርመኖቹ መራመድ የሚችለውን ሁሉ ይዘው በበረዶ ላይ ጉዞ ጀመሩ። ጤነኛው አልቤርቶ ከተጓዦቹ ጋር ወጣ። በሽተኛው ሌቪ አልጋው ላይ ቀረ። ሌቪ እንደጻፈው ከየካምፑ የተነሡት ወደ 20,000 የሚጠጉ ሰዎች መንገድ ላይ አለቁ ማለት ይቻላል፤ አልቤርቶም አልተመለሰም። ጃንዋሪ 27 የሩሲያ ወታደሮች ደርሰው ያገኙት በሽተኞቹን ነው። በሌቪ አጻጻፍ አልቤርቶ ከሁሉም በላይ ያልተበገረ፣ ማንንም ሳይበድል ኑሮውን የቻለ ሰው ነበር። ጽናት የሚያተርፍ ከሆነ ከሁለቱ የሚተርፈው ማን በሆነ?

አሁን ወደ እኛ ቤት የሚቀርበውን ላንሣ። በኦክቶበር 1944 ለጋዝ ክፍሉ የሚሄዱት ተለዩ። እስረኞቹ ራቁታቸውን በአንድ መኮንን ፊት ሮጠው ያልፋሉ፤ የእያንዳንዱ ካርድ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ይሰጣል። ሌቪ ከእሱ ጋር ተከታትሎ ያለፈው ሬኔ የተባለ ጠንካራ ወጣት እንደነበረና ካርዳቸው ሳይለዋወጥ እንዳልቀረ ይጠረጥራል። የሞተው ሬኔ ነው። በዚያው ምሽት ኩን የሚባል ሽማግሌ አልጋው ላይ ሆኖ፣ ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘ፣ ስላልተመረጠ ጮክ ብሎ አምላኩን ያመሰግናል። አጠገቡ የ20 ዓመቱ ግሪካዊ ቤፖ ተጋድሟል። ቤፖ ከነገ ወዲያ እንደሌለ ያውቃል፤ አምፖሉን አፍጥጦ ያያል፤ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ሌቪ በዚህ የተቆጣውን ያህል በጀርመኖቹ ላይ እንኳ ተቆጥቶ የጻፈ አይመስለኝም። አምላክ ብሆን የዚህን ሰው ጸሎት እተፋበት ነበር የሚል ቃል ነው ያሰፈረው።

እኛ ስንት ጊዜ ነው እንደ ኩን የጸለይነው? "እኔን ግን እግዚአብሔር አውጥቶኛል" ስንል፣ ግድግዳ ለግድግዳ የምንጎራበታት፣ ልጇ ያልወጣላት እናት ትሰማናለች። እሷ ምን ብላ ትተርጉመው? ማመስገን ይቅር አላልኩም። አንገቱ ሊቆረጥ የነበረ ሰው ተመስገን ባይል ነው የሚገርመው። ግን ምስጋናው ለአደባባይ ሲወጣና የመጽሐፍ ጀርባ ጽሑፍ ሲሆን ሌላ ነገር ይሆናል። ከጦርነቱ በኋላ አንድ አማኝ የሌቪ ወዳጅ መጥቶ፣ አንተን ያተረፈህ ፈጣሪ ነው፤ እንድትጽፍና እንድትመሰክር ብሎ ነው አለው። ሌቪ ቃሉን አስቀያሚ ሆኖ አገኘው። ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. በ1986፣ ባሳተመው የመጨረሻ መጽሐፉ የመለሰው መልስ ይከብዳል። የተረፉት ምርጦቹ አይደሉም፤ እንዲያውም ራስ ወዳዱ፣ ጨካኙ፣ ከአሳሪው ጋር የተሻረከው ነበር የመትረፍ ዕድሉ የሰፋው። ምርጦቹ ሞተዋል።

"ይህ ሰው ከሆነ" ከሚለው መጽሐፍ ለመድረክ የሚመረጠው ታዲያ የትኛው ገጽ ነው? የሽታይንላውፍ። በኦስትሮ ሃንጋሪ ጦር ሃምሳ አለቃ የነበረው ሽታይንላውፍ፣ እንዳይሰረቅ ኮቱን በጉልበቶቹ መሀል ይዞ፣ ያለ ሳሙና በቆሸሸ ቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፤ በዚያው ኮት ይደርቃል። ሌቪንም ይገሥጸዋል፤ እንስሳ ሊያደርጉን ነው የሚፈልጉት፣ እኛ ግን እንታጠባለን፣ ጫማችንን እንወለውላለን፣ ቀጥ ብለን እንሄዳለን፣ ተርፈን እንመሰክራለን። ድንቅ ንግግር ነው። ጠቃሹ ግን እዚህ ላይ መጽሐፉን ይዘጋል። ገጹ ሳያልቅ ሌቪ አልተዋጠልኝም ይላል። በዚህ ዓይነት ጨለማ ውስጥ የሌላ ሰው ያለቀለት ሥርዓት ይዞ መኖር ይሻል ይሆን ወይስ ሥርዓት እንደሌለህ ማወቅ? ጥርጣሬው ተቆርጦ ንግግሩ ብቻ ከተወሰደ የተጠቀሰው ሌቪ ነው ማለት ይቻላል?

በዚህ ረገድ ከሌቪም በላይ የሚጠቀሰው የቪየናው የሥነ አእምሮ ሐኪም ቪክቶር ፍራንክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ያሳተመው የካምፕ ትውስታ እሱ እስካረፈበት እስከ 1997 ድረስ ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። በአውሽቪትዝ የቆየው ጥቂት ቀን ነው፤ ዋናውን መከራ ያየው በዳካው ሥር በነበሩ ካምፖች ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ሁሉም የሚያስታውሰው አንድ ታሪክ አለ። በፊት የሙዚቃ ደራሲ የነበረ እስረኛ ማርች 30 ቀን 1945 ነጻ እንደሚወጡ በሕልሙ ይነገረዋል። ቀኑ ሲቃረብ ነጻነት አልመጣም። በ29 አተኮሰው፣ በ30 ራሱን ሳተ፣ በ31 ሞተ። የገደለው ተስቦ ነው። ፍራንክል ግን ከተስቦው ጀርባ የገደለው ተስፋው መሰበሩ ነው ይላል።

ነው? የተስቦ ቅማል የማንን ተስፋ መርምሮ ነው የሚነክሰው? ተስፋቸው ሳይሰበር በዚያው ሳምንት፣ በዚያው በሽታ የሞቱትን ማን ቆጠራቸው? ተስፋ ቆርጠው ግን የተረፉትንስ? አንድ ሞት ተመርጦ ሕግ ሲወጣበት ሐኪሙ ፍራንክል ራሱ፣ በሌላ ሕመምተኛ ላይ ቢሆን ኖሮ፣ ዝም ብሎ ያልፈው ነበር? በእሱ ላይ ፍርድ ስጥ ከተባልኩ፣ ሚስቱን፣ እናቱን፣ አባቱንና ወንድሙን ያጣ ሰው ትርጉም ባይፈልግ ነበር የሚገርመኝ። ምርጦቻችን አልተመለሱም ብሎ የጻፈውም እሱው ነው። ይህቺን ዐረፍተ ነገር በአዳራሽ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ያየ አለ?

ታዲያ ጽናት የሚባል ነገር የለም ልትል ነው? አይደለም። ሌቪ ከኩሽና ሾርባ ሊያመጡ ሲሄዱ ለአንድ ፈረንሳዊ ወጣት ጣሊያንኛ ለማስተማር ብሎ የዳንቴን ግጥም ከትዝታው ለማውጣት ይታገላል። የጠፋበትን ስንኝ ለማግኘት የዕለቱን ሾርባ እሰጥ ነበር ይላል። የተራበ ሰው ሾርባውን ለስንኝ! ይህን ጽናት ካላልነው ምን እንለዋለን? ነገር ግን ይህ እንዴት እንደኖረ ነው የሚነግረን። ለምን እንዳልሞተ አይነግረንም። ስንኙን ያገኘ ቢሆን ኖሮም ነገ ካርዱ ወደ ግራ ሊሄድ ይችል ነበር።

ደግሞስ ጽናቱ በማን ኪሳራ ነው? በኦገስት 1944 ሙቀቱ እንደ እሳት በሚፋጅበት ጊዜ ሌቪ የፍርስራሽ ምድር ቤት ሲያጸዳ ውሃ ያለበት ቧንቧ ያገኛል። ያለው ውሃ ሊትር ቢሞላ ነው። መሬት ላይ ተንጋሎ ከቧንቧው ጠጣ። ለሁሉም ላካፍል? ለአልቤርቶ ብቻ ልንገር? ወይስ ለብቻዬ? ሁለተኛውን መረጠ። ማታ ወደ ካምፑ ሲመለሱ ሲሚንቶ ያለበሰው፣ ከንፈሩ የተሰነጠቀ ዳኒኤሌ አብሯቸው ይሄድ ነበር። አይቷቸዋል። ሌቪና ዳኒኤሌ ተርፈው፣ ከወራት በኋላ ቤላሩስ ውስጥ ሲገናኙ ዳኒኤሌ ጠየቀው፤ ለምን እናንተ ሁለታችሁ? እኔስ? ሌቪ ይህን ከ40 ዓመት በኋላ ሲጽፈው መልስ የለውም። ሰው ለመትረፍ ያደረገውን ሁሉ በአንድ ጆንያ ከተን ጽናት ብለን ስንሸጠው፣ የዳኒኤሌን ጥያቄ የት ጣልነው?

ውዳሴያችንም ቢሆን መርጦ ነው የሚያርፈው። "ይህ ሰው ከሆነ" ውስጥ ኤሊያስ የሚባል ድንክ አለ፤ ጉልበቱ የማያልቅ፣ የሚሰርቅ፣ የሚደባደብ፣ በካምፑ ውስጥ የሚፋፋ። ሄንሪ የሚባልም አለ፤ መልኩንና አንደበቱን መሣሪያ አድርጎ የሰዎችን ርኅራኄ የሚያድን። ሁለቱም አልተሰበሩም። ስለ ሁለቱ ማን ንግግር አደረገ? እዚህ ላይ ሌቪም ራሱ ይጠየቃል። ስለ ሄንሪ የጻፈው ገጽ ብልህ ነው፤ ግን ጨካኝ ነው። ዛሬ በሕይወት እንዳለ አውቃለሁ፣ ኑሮውን ባውቅ ደስ ይለኛል፣ ላየው ግን አልፈልግም ብሎ ዘጋበት። ሄንሪ የተባለው ፖል ሽታይንበርግ ሲጋዝ ገና ለጋ ልጅ ነበር። የራሱን መጽሐፍ ያሳተመው በ1996፣ ሌቪ ከሞተ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው፤ የተሳለው ሥዕል እውነት ሊሆን እንደሚችል አምኖ፣ ግን ለመትረፍ መፈለግ ይህን ያህል ኃጢአት ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። አንድ ዓይነት ረሃብ፣ አንድ ዓይነት አጥር። የአንዱን ጽናት የሌላውን መሠሪነት ያልነው በምን ሚዛን ነው? ጥሩ ስለጻፈ?

ሾርባውን ያመጣውን ሰው እስካሁን አልጠራሁትም። ንግግሮቹም አይጠሩትም። ሎሬንዞ ፔሮኔ እስረኛ አልነበረም። ከፎሳኖ የመጣ፣ ለአንድ ጣሊያናዊ ድርጅት ተቀጥሮ እዚያው አቅራቢያ የሚሠራ፣ ወሬ የማይወድ ግንበኛ ነው። ለስድስት ወር በየቀኑ ለሌቪ ሾርባ አመጣለት፤ ሌቪና አልቤርቶ ተካፈሉት። ከሠራተኞች ማዕድ ቤት ድስት ግርጌ ተፍቆ የተሰበሰበ ትራፊ ነበር። የሳላሚ ልጣጭ ይገኝበታል፣ አንዳንዴ የፕሪም ዘር፣ አንድ ቀንማ ላባው ያልተነቀለ የድንቢጥ ክንፍ ተገኝቶበታል። የተጣጣፈ ሹራብ ሰጠው። በስሙ ወደ ጣሊያን ደብዳቤ ጻፈለት። በዋጋው ምንም አልጠየቀም፤ ቢያዝ ግን ከአጥሩ ውስጥ የሚገባው ራሱ ነበር። አንድ ቀን ሾርባው አሸዋ ስለገባበት ይቅርታ ጠየቀ። ቦምብ አጠገቡ ወድቆ የጆሮው ታምቡር እንደተቀደደ ግን አልተነፈሰም። ሌቪ ዛሬ በሕይወት የምኖረው በእሱ ይመስለኛል ብሎ ጽፏል፤ ከሾርባውም ይልቅ ከአጥሩ ውጭ ገና ደግ ሰው መኖሩን ስላስታወሰኝ ብሎ።

ሎሬንዞ ከጦርነቱ በኋላ በእግሩ አገሩ ገባ። ከዚያ በኋላ መኖር አልቻለም። ግንበኝነቱን ተወ፣ መጠጥ ያዘ፣ ያየውን ዓለም ጠላው። ሌቪ ሐኪም ቤት አስገባው፤ ወጥቶ ጠፋ። በ1952 ሞተ። ሌቪ ሁለቱንም ልጆቹን በእሱ ስም ጠርቷል፤ የእስራኤሉ የአይሁድ እልቂት መታሰቢያ ተቋም ያድ ቫሼም፣ አይሁዳውያንን ለማዳን የደከሙ በሚሰፍሩበት የጻድቃን አሕዛብ መዝገብ ያሰፈረው በ1998 ነው። ይህ ሰው ጽኑ ነው ወይስ ደካማ? ለሌላው ሲሆን ያልተነቃነቀ፣ ለራሱ ሲሆን ያልቆመ ሰው በየትኛው ምዕራፍ ይገባል? ወይስ መጨረሻው ስለማያምር ነው የሚዘለለው?

ሌቪን ያጋዘው መንገድ የተጠረገው እ.ኤ.አ. በ1938 በወጣው የፋሺስት ጣሊያን የዘር ሕግ ነው። ያው መንግሥት ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በምሥራቅ አፍሪካ ጣሊያናውያን ከአገሬው ሰው ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖሩ በሕግ ከልክሎ፣ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላም ብዙ ኢትዮጵያውያንን ሶማሊያ ውስጥ ዳናኔ አጉሮ ነበር። እዚያ ወባውና የተበላሸው ውሃ የፈጀው ሕዝብ አለ። ስለ ዳናኔ የምንሰማው ከተመለሱት ነው። የተመለሱትን ስንጠይቅ ስላልተመለሱት ስንቱን ጠየቅን?

ቅርብ ጊዜ ካየናቸው ጦርነቶች የተረፉትም በየቴሌቪዥኑ ይቀርባሉ። አንዷ ትተርካለች፤ ቀን ጫካ፣ ሌሊት ጉዞ፣ ልጅ በጀርባ። ከዚያ አንዲት የማታውቃት ሴት በሯን ከፍታ እንዳስገባቻት፣ ለሦስት ልጆቿ የጋገረችውን እንጀራ ለአምስት እንደቆረሰችው ማንሣት ትጀምራለች። ጠያቂው ሰዓቱን ያያል፣ ያቋርጣታል። "በመጨረሻ ለወጣቱ ምን ትመክሪያለሽ?" በሩን የከፈተችው ሴት ማን ናት? የቷ መንደር? ልጆቿስ በሉ? ዛሬ አለች? እነዚህን ለመጠየቅ የቀረው የአየር ሰዓት አይበቃም ነበር?